ደረቁ ወንዝ ሞልቶ የዋለ ዕለት

በዚያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ የውሃ ጉድጓድ በሚያስቆፍር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሹፌር ሆኜ እሠራ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ከእኔ የተሻለ መሪ የሚይዝ ሰው በሰሜን ሸዋ ያለ አይመስለኝም ነበር። የምነዳት መኪና አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ ጀርባዋ በሸራ የተሸፈነ ላንድሮቨር ናት። ከአንኮበር ጫፍ እስከ በረሃው ድረስ ሌላ ሹፌር የማይሞክረውን ቁልቁለት በእሷ ስወርድ፣ መሐንዲሶቹ ከጎኔ ተቀምጠው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ እኔ በአንድ እጄ ሲጋራ እለኩስ ነበር። አብሮኝ የሚጓዘው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስጨንቀው ግድ አልነበረኝም። የእኔ ጉዳይ መንገዱ ብቻ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ በሰሜን በኩል ጦርነቱ ተፋፍሟል። እነዋሪ አብረውኝ ያደጉ ጓደኞቼ አንድ በአንድ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደዋል። እኔ የቀረሁት መሥሪያ ቤቴ «ለሥራው እጅግ አስፈላጊ ነው» ብሎ ስለጻፈልኝ ነው። ያችን ማኅተም ያለባትን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ በደረት ኪሴ ይዤ እዞር ነበር። ፈሪ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም። ዕድለኛ ነኝ ነበር የምለው።

በነሐሴ ወር አንድ ጠዋት አለቃዬ ጠራኝና «ጌታነህን ይዘህ ቆላ ትወርዳለህ፤ ነገ ትመለሳላችሁ» አለኝ።

ጌታነህ ጦር ሜዳ እግሩን ቆስሎ የተመለሰ የቀድሞ አሥር አለቃ ነው፤ አሁን በአውራጃው አስተዳደር ይሠራል፤ መኪና ሲያጥራቸው የእኛን ይዋሳሉ። ከዚያ በፊትም ሁለት ሦስት ጊዜ ይዤው ወጥቻለሁ፤ በዕድሜ ቢበልጠኝም አንተ እንባባል ነበር። ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ያን ዕለት ጋቢና ሲገባ አሮጌ የቆዳ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘው።

«ምን ልትሠራ ነው የምትወርደው?» አልኩት።

«ወረቀት ላደርስ» አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም።

አንኮበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። መብራት አብርቼ፣ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ነው የምነዳው። ከጎረቤላ ጥቂት አለፍ እንዳልን አንዲት ሴት ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። የመንግሥት መኪና ሰው መጫን ክልክል ስለሆነ አልፌያቸው ልሄድ ነበር።

«አቁም» አለኝ ጌታነህ፤ «እናት ናቸው።»

ስድሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ቀጭን ናቸው፤ ሻሻቸው በጤዛ ርሷል፤ ጀርባቸው ላይ አንድ ሙሉ ስልቻ አዝለዋል።

«ልጆቼ፣ አላህ ይስጣችሁ፤ ወደ አልዩ አምባ ከሆናችሁ ውሰዱኝ። ጉልበቴ ከዳኝ» አሉ።

«ከአልዩ አምባም አልፈን ነው የምንወርደው። ይግቡ እናቴ» አለ ጌታነህ። ወርዶ ስልቻውን ከኋላ አስቀመጠላቸውና በመካከላችን አስቀመጣቸው።

ስማቸው ዘሃራ ነው። መኪና ውስጥ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር «ቢስሚላህ» ብለው ጉልበቴን ጨብጠው ያዙኝ፤ ከዚያ አፍረው ለቀቁኝ። እኔም ሳቅኩና «ይያዙኝ ግድ የለም» አልኳቸው። ከባዱን ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሬን ሳልነካ፣ መኪናዋን በገዛ ጉልበቷ እያስያዝኩ ቀስ አድርጌ አወረድኳት። በቀኝ በኩል ገደል ነው። ጉሙ ከበላያችን ቀረ፤ የገብሱ ማሳ አለቀ፤ ከታች ግራርና ማሽላ የሞላበት፣ ጫፉ በሙቀት የሚንቀጠቀጥ አገር ተዘረጋ።

ፍርሃታቸው ሲለቃቸው ማውራት ጀመሩ።

«ከደብረ ብርሃን ነው የምመለሰው። ለልጄ ስንቅ ላደርስ ሄጄ ነበር። ወታደሮች በዚያ በኩል እያለፉ ነው ሲሉኝ፣ አንድ የሚያውቀው አይጠፋም ብዬ በሶውንም ዳቦ ቆሎውንም ሠርቼ በእግሬ ወጣሁ። የጦር ሰፈሩ በር ላይ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ‹ክፍሉ የትኛው ነው?› ይሉኛል። እኔ ልጄን እንጂ ክፍሉን በምን አውቄው!»

«ታዲያ ምን አሉዎት?» አልኩ።

«አንዱ ደግ ወታደር ‹ደህና ነው እናቴ፣ ቤትዎ ይግቡ› አለኝ። ደህና ከሆነ ይበቃኛል ብዬ ስንቄን ይዤ ተመለስኩ።»

ልጃቸውን የወሰዱት ከገበያ መሆኑን ነገሩን። እናትና ልጅ ሽንኩርት እየሸጡ ሳለ ሰዎች መጥተው ጎረምሶቹን ሰበሰቧቸው። ልጁ ሚዛኑን ለእናቱ ሰጥቶ «አንዴ ያዢልኝ፣ መጣሁ» አላቸው። እሳቸውም ሚዛኑን እንደያዙ ጀንበር እስክትጠልቅ ቆሙ። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

«አንድ ነው ያለኝ» አሉ፤ «ሰይድ ይባላል። ሰይድ ኡመር።»

ጌታነህ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ድንጋዮቹን እያየሁ ነበርና ልብ አላልኩትም።

አልዩ አምባን አልፈን አንድ ሰዓት ያህል እንደወረድን ከወንዙ ደረስን። የአገሩ ሰው ደረቁ ወንዝ ይለዋል፤ አብዛኛውን ዓመት አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነውና። መኪናዬን ይዤ አሥር ጊዜ ተሻግሬዋለሁ። ያን ዕለት ግን ገና ሳናየው ድምፁ ተሰማን። በደጋው ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ወርዶ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ውሃው ቀይ ነው፤ ግንድ ከነሥሩ፣ የሞተች ፍየል፣ የአጥር እንጨት ይዞ ይሮጣል።

እማማ ዘሃራ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ያቻትና ቤቴ! ከትልቁ ግራር ጎን ያለችው።»

ከማዶ መንደሩ በግልጽ ይታያል። ሰው ሲንቀሳቀስ እንኳ ይታይ ነበር። መሻገር ግን አይታሰብም።

ጌታነህ «ና ውሃውን እንየው» ብሎ ወደ ዳር ወሰደኝ። እያነከሰ ሩቅ ሄደ። ከዚያ ጀርባውን ለመኪናዋ ሰጥቶ ቦርሳውን ከፈተና አንድ ወረቀት አሳየኝ። ሦስት ስም ተጽፎበታል። ሦስቱም ጦር ሜዳ ላይ የወደቁ የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። ሁለተኛው ስም ሰይድ ኡመር ይላል፤ ከጎኑ የመንደሩ ስም።

የወንዙ ጩኸት ጆሮዬን ሞላው። «ሌላ ሰይድ ቢሆንስ?» አልኩት።

«የእናት ስም ተጽፏል» አለኝ።

«እንግዲያው እንንገራቸው! እዚያ ተቀምጠው ደህና ነው እያሉ እኮ ነው።»

«አንነግራቸውም።»

«ለምን?»

ጌታነህ ወረቀቱን አጣጠፈ። «አምና አንድ አባት መንገድ ላይ አገኘሁ። ገና ሲያየኝ ‹ልጄ ምን ሆነ?› ብሎ ለመነኝ። እኔም አንጀቴ አልችል ብሎ ነገርኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ከገደሉ ሥር ነው ያገኙት። ከዚያ ወዲህ ምዬአለሁ፤ ሰው በቤቱ፣ በዘመዶቹ መሃል፣ የሚይዘው ሰው ባለበት ነው መርዶ የሚሰማው። እዚህ ማን አለ? አንተና እኔ። ይሄ ውሃ ደግሞ አጠገባችን ነው።»

ወደ ወንዙ አየሁ። ሁለታችንም ተመለስን።

እማማ ዘሃራ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ነጠላቸውን አንጥፈው ስልቻውን ፈተውት አገኘናቸው።

«ኑ ልጆቼ፣ እስኪጎድል ድረስ በራብ አትዋሉ። ለሰይድ የሠራሁት ነው፤ እሱ ካልደረሰው ለመንገደኛ ይሁን። ሰደቃ ይሁንለት፣ በሄደበት አላህ የሚያበላው ሰው ይስጠው።»

በሶውን በውሃ በጥብጠው፣ ማር ጨምረው ሰጡን። ዳቦ ቆሎውን በእፍኝ ዘገኑልኝ። ጌታነህ ጎንበስ ብሎ ይበላል፤ ቀና አይልም። እሳቸው ግን እያዩን ደስ አላቸው። «ብላ እንጂ፤ አንተም የሱ እኩያ ነህ፤ እንዳንተው ቀጭን ነው» ይሉኛል።

ከዚያ ከመቀነታቸው አንድ ደብዳቤ አወጡ። ከመታጠፉ ብዛት መስመሩ ላይ ሊበጠስ ደርሷል።

«ማንበብ ታውቃለህ አይደል? አስተማሪው ነው የሚያነብልኝ፤ አሁን ለክረምቱ አገሩ ገብቷል።»

አነበብኩላቸው። አጭር ናት። ደህና መሆኑን፣ ቦታው እንደሚበርድ፣ ነገር ግን ካፖርት እንደተሰጠው ይናገራል። ለመጨረስ ቸኩዬ አንድ መስመር ዘለልኩ። ወዲያው ያዙኝ።

«‹አክስቴን ፋጡማን ሳሚልኝ› የሚለው አለ፤ ዘለልከው።»

በቃላቸው ይዘውታል ለካ!

«መልስ ጻፍልኝ» አሉኝ ቀጥለው። «ከላይ አገር ነህ፤ ፖስታ ቤት ታደርስልኛለህ። ዛሬ አላህ ነው ካንተ ጋር ያገናኘኝ።»

ጌታነህን አየሁት፤ እንዲያድነኝ። እሱ ግን ቦርሳውን ከፈተና ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

የመኪናዋን ኮፈን ጠረጴዛ አድርጌ ጻፍኩ። አንባቢዎቼ፣ በዕድሜዬ ብዙ ከባድ ነገር ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ገጽ የከበደኝ የለም። እሳቸው ከጎኔ ቆመው ልጃቸው ከፊታቸው የተቀመጠ ያህል ይናገራሉ።

«ጥቁሯ ፍየል መንታ ወለደች በለው። ሽንኩርቱን ያኔውኑ ሸጬ ጨርሻለሁ፣ አንድም አልተበላሸም በለው። ሌሊት ጥበቃ ሲያቆሙህ እግርህን ሸፍን በለው፤ ከልጅነቱ እግሩን ነው የሚበርደው።»

«ሌላስ?» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ካቆሙ ቀና ብዬ ላያቸው ስለሆነ ይመስለኛል።

«መዲና አላገባችም፤ እየጠበቀችህ ነው በለው። በግልጽ አትጻፈው ግን፤ ሌላ ሰው ቢያነብለት ያፍራል። ‹የጎረቤታችን ልጅ ደህና ናት› በለው፣ ይገባዋል።»

«ሌላስ?»

ድንገት መሳቅ ጀመሩ። ሰይድ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ አንዲት ግመል አባርራው ጎተራ ውስጥ ገብቶ ተደብቆ ነበር። መንደሩ ሁሉ ሲፈልገው ውሎ ማሽላው ላይ ተኝቶ አገኙት። «ግመሏ ዛሬም አለች በለው! አርጅታለች፣ አትፍራት በለው!» እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከልቤ ሳቅኩ፤ ለአፍታ ልጁ በሕይወት ያለ መስሎኝ ነበር።

ጨርሼ ላጥፈው ስል እጄን ያዙኝ። «አንተም ከታች አንድ ነገር ጨምርበት። እኩያው ነህ፤ ደስ ይለዋል።»

ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ወንድሜ ሰይድ፣ አንተን አላውቅህም። እናትህን መንገድ ላይ አግኝቻቸው በመኪናዬ አሳፍሬያቸዋለሁ። ስንቅህን አብልተውኛል። በሰላም ቤታቸው አደርሳቸዋለሁ።» ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መረቁኝ። ደብዳቤውን ተቀብዬ ከዚያች ማኅተም ካለባት ወረቀቴ ጋር በአንድ ኪስ ከተትኩት።

ውሃው ሳይጎድል ጀንበር ጠለቀች፤ መኪናዋ ውስጥ አደርን።

ሲነጋ ወንዙ በግማሽ ወርዷል። ጫማዬን አውልቄ፣ ረጅም እንጨት ይዤ ጥልቀቱን ለካሁ። መሃሉ ላይ እስከ ወገቤ ይመጣል፤ ሥሩ ድንጋይ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አሸዋው ይውጣል። ሌላ ቀን ቢሆን እስከ እኩለ ቀን እጠብቅ ነበር። ያን ጠዋት ግን አንድ ሰዓት እንኳ ከእሳቸው ጋር ተቀምጬ መዋሸት አልቻልኩም።

አራቱንም ጎማ አስገብቼ፣ ነዳጁን አጥብቄ ረግጬ ገባሁ። ውሃው በጋቢናው በር ሥር ገብቶ እግራችንን አራሰው። መሃል ላይ ስንደርስ የኋላው ጎማ አሸዋ ውስጥ ሰመጠና መኪናዋ ወደ ግራ፣ ውሃው ወደሚወርድበት ተንሸራተተች። ጌታነህ በሩን ጨብጦ «ደመቀ!» ብሎ በስሜ ጠርቶኝ ጮኸ። እማማ ዘሃራ ዓይናቸውን ጨፍነው «ያ አላህ፣ ልጄን ሳላይ አትውሰደኝ» ሲሉ ሰማኋቸው። መሪውን ውሃው ወደሚወርድበት መለስኩ፤ ትንሽ ከወንዙ ጋር ሄድኩና የፊቱ ጎማ ድንጋይ ሲያገኝ በሙሉ ጉልበት ጎተትኳት። ወጣን።

ማዶ ስንቆም እማማ ዘሃራ እጄን ስመው «ወንድ ነህ!» አሉኝ። ምነው ውሃው በወሰደኝ አልኩ በልቤ።

ጌታነህ «እናቴ፣ እርስዎ ቤትዎ ይግቡ፤ እኔ ሊቀመንበሩን አነጋግሬ እመጣለሁ» ብሎ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቤት ሄደ። እኔ ስልቻውን ይዤ ተከተልኳቸው። በሩን ከፍተው፣ መደቡን በእጃቸው ጠርገው «ተቀመጥ፣ ወተት ልስጥህ» አሉኝ። ወተቱን እየቀዱ ሳለ የመንደሩ ሽማግሌዎች መጡ። ሴቶችም ከኋላ ይከተላሉ። ከሴቶቹ አንዷ፣ በኋላ እንዳወቅኩት፣ የሰይድ አክስት ፋጡማ ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

እማማ ዘሃራ ወተቱን እንደያዙ ቆሙ።

«በጠዋቱ ሁላችሁም ምን አመጣችሁ?»

የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ ወደፊት ራመድ አሉ። «ዘሃራ፣ አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደ። ሰብር ይስጥሽ።»

«ምኔን ወሰደ? አንድ ነው ያለኝ» አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ እንደገና «አንድ ነው እኮ ያለኝ» አሉ።

ሴቶቹ ደግፈው ያዟቸው። ወተቱ ፈሰሰ። ለቅሶው ሲነሳ እኔ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ልወጣ ስል ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ከሴቶቹ እጅ ወጥተው ወደ እኔ መጡ።

«ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ እናቴ።»

«ደብዳቤውን ስትጽፍልኝም?»

«ስጽፍም አውቅ ነበር።»

ፊቴን አዩት። ቢመቱኝ እመርጥ ነበር።

«ልጄ ሞቶ ስስቅ ዋልኩ» አሉ። «ስለ ግመሏ እየነገርኩህ ስስቅ፣ አንተ እያየኸኝ። ‹ሌላስ? ሌላስ?› እያልክ። ሰው እንዴት እናትን በልጇ ቀብር ላይ ያስቃታል?»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ መልሰው ወሰዷቸው።

ጌታነህ የቀሩትን የሁለቱን ልጆች መርዶ አድርሶ ሲመለስ ከመኪናዋ ጀርባ አገኘኝ። «የሠራነው ልክ ነው፤ በሕይወት አሉ፤ ወገን ይዟቸዋል» አለኝ። እያለቀሰ ነበር የሚናገረው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አለቃዬ እንደገና ጠራኝ። «ጌታነህን ይዘህ ውረድ» አለኝ።

«አልወርድም» አልኩ።

«ምን ማለትህ ነው? ለእኛ አስፈላጊ ነህ ብለን ነው እኮ እዚህ ያቆየንህ።»

ደብዳቤውን እዚያው ትቼ፣ ያችን ማኅተም ያለባትን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ጀግንነት አይምሰላችሁ። ሌላ እናት ከጎኔ አስቀምጬ ያንን ቁልቁለት መውረድ አልችልም ነበር። በወሩ ሰሜን ነበርኩ፤ ቁስለኛ የሚጭን መኪና ሹፌር ሆኜ። ሁለት ዓመት ተኩል ነዳሁ። ስንቱ ከኋላዬ እናቱን እየጠራ እንደሞተ አልቆጠርኩም። ግራ እጄ ላይ ሦስት ጣት አጣሁ።

ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን በእግሬም በጭነት መኪናም ሸዋ ሮቢት ደረስኩ። ሌላው ሁሉ በዋናው መንገድ ወደ ደጋው ሲወጣ እኔ ቆላ ቆላውን ይዤ ሄድኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እማማ ዘሃራ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። በጣም አርጅተዋል። ያን ደብዳቤ የጻፍኩላቸው ሹፌር መሆኔን ነገርኳቸው።

«እሱ የነበረበት ሄደህ ነበር?» አሉ።

«አዎ።»

«ይበርዳል?»

«በጣም ይበርዳል።»

«ይቀብሯቸዋል?»

ልዋሽ እችል ነበር። ማንም አይጠይቀኝም ነበር። «አንዳንዱን እንቀብራለን። ብዙውን ግን አንደርስበትም፤ እዚያው ይቀራል። የሰይድን አላውቅም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አላለቀሱም። እጄን አንስተው የቀሩትን ጣቶቼን አዩ።

«እናት አለችህ?»

«እነዋሪ ናት።»

«አይታሃለች?»

«ገና አላየችኝም። መጀመሪያ ወደ እርስዎ መጣሁ።»

እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «ተነስ! ምን ታደርጋለህ እዚህ? እሷ ቁጭ ብላ እየጠበቀች አንተ እኔ ቤት! ተነስ፣ ሂድ!» ብለው ከደጃፋቸው በእጃቸው ገፍተው አስወጡኝ።

እነዋሪ የደረስኩት በገበያ ቀን ነው። እናቴ ጥቁር ለብሳ ነበር። አንድ የተመለሰ ወታደር ሞቷል ብሎ ነግሯት ዓመት ሆኗታል ለካ። መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ፊቴን በሁለት እጇ እየዳበሰች ስሜን ደጋግማ ጠራች። ከዚያ ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ እልልታውን አቀለጠው። አንዷ ሮጣ ነጭ ቀሚስ አመጣችና ጥቁሩን አስወለቀቻት።

አንባቢዎቼ፣ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። መንጃ ፈቃዴን ከመለስኩ ቆየሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ግን ጌታነህ ልክ ይሁን እኔ፣ ወይስ ሁለታችንም ተሳስተን እንደሆነ አላውቅም። ብንነግራቸው ኖሮ ምናልባት ውሃው ውስጥ ይገቡ ነበር። ባለመንገራችን ደግሞ የኀዘናቸውን የመጀመሪያ ቀን ወሰድንባቸው። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚያ ወዲህ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማንን እንደሚጠብቅ ሳልጠይቅ ሞተር አስነስቼ አላውቅም።

በዚያ የገበያ ቀን፣ በእልልታው መሃል፣ እናቴ አንገቴን አቅፋ ስታለቅስ፣ እኔ በዓይኔ የማየው ሌላ ቤት ነበር። ከግራሩ ጎን ያለች ቤት፣ በሯ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጠው። እልልታው እዚያ ድረስ እንዳይሰማ ለመንኩ።